ወደ ኤርታሌ ከመውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡልኝ

የአፋሩን እሳተ ገሞራ ኤርታሌን ሊያይ የሚነሳ ሰው ሁሉ የሚፈራው እሳቱን ነው። እኛም ከአዲስ አበባ ስንነሳ የመኪናው ወሬ በሙሉ ስለ እሳቱ ነበር። ምን ያህል ይጠጉታል? ድንገት ቢገነፍልስ ወዴት ይሮጣል? ስንመለስ ግን እሳቱን ያነሳ ሰው አልነበረም። የአክስቴን ልጅ ትንፋሽ አሳጥሮ ያስጨነቀን ዓይን የማያየው ጋዝ ነበር፤ ባልደረባችንን መንገድ ላይ የጣለው ደግሞ ገና በጠዋቱ የወጣው ፀሐይ። ሁለቱም ዛሬ ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ረዘም አድርጌ የምጽፈው ማንንም ከጉዞው ለማስቀረት አይደለም። ሂዱ፣ እዩት፤ በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ነገር የሚታይባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው። ብቻ የሚጎዳው የትኛው እንደሆነ አውቃችሁ ሂዱ።

የሄድነው ታኅሣሥ ላይ ነው። ወደ አፋር ዝቅተኛ ቦታዎች ለመውረድ ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ወራት ይሻላሉ። ታኅሣሥም ቢሆን ግን ቀኑ ያቃጥላል። ዳሎል ላይ በ1950ዎቹ ለተከታታይ ዓመታት ተለክቶ የተመዘገበው የዓመት አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው፤ ሌሊቱም ቀኑም፣ ክረምቱም በጋውም ተደምሮ የወጣ አማካይ መሆኑን አስቡት። ፋሲካ ደረሰ፣ እረፍት ተገኘ ብላችሁ በሚያዝያና በግንቦት እንዳትነሱ።

ከአዲስ አበባ በአዋሽና በሚሌ በኩል ሰመራ ድረስ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ብዙ ሰው ሰመራን ለማለፍ ይቸኩላል። እኔ ግን ማደሩን እመክራለሁ። አንደኛ፣ ከደጋ የወረደ ሰውነት ሙቀቱን ለመልመድ ፋታ ይፈልጋል፤ ሙቀት የሚጥለው ይበልጡን ገና ያልለመደውን ሰው ነው። ሁለተኛ፣ የቀረ ነገር ቢኖር የሚሟላው እዚያ ነው። ከአፍዴራ ወዲያ ፋርማሲም ሆነ የሞባይል ኔትወርክ አገኛለሁ ብላችሁ አትጠብቁ። ስለዚህ ስትነሱ፣ የት እንደምታድሩና መቼ ኔትወርክ ወዳለበት እንደምትመለሱ በወረቀት ጽፋችሁ ለአንድ ሰው ስጡ፤ በዚያ ሰዓት ካልደወላችሁ ለማን መደወል እንዳለበትም ጨምሩበት።

የፈቃድ ደብዳቤው ከክልሉ የባህልና ቱሪዝም ቢሮ ይወጣል። ወደ ተራራው ስትቀርቡ ደግሞ መሪና ጠባቂ ከአካባቢው ሰው ይመደብላችኋል፤ ለዚህም ይከፈላል። ከእኛ አንዱ እዚህ ላይ ተቆጣ። «መሬት የሕዝብ ነው ይላል ሕገ መንግሥቱ፤ እኔስ ሕዝብ አይደለሁም ወይ? ደብዳቤ ይዤ መጥቼ እንደገና የምከፍለው ለምንድን ነው?» አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች የጋራ ንብረት ነው ማለቱ እውነት ነው። ከጥላው ሥር ተቀምጠው የነበሩት ሽማግሌ እስኪጨርስ አዳመጡትና፣ «ያንተም ነው ልጄ፣ ማን ከለከለህ? ግን ብትወድቅ የሚያነሳህ ይሄ ልጅ ነው። ድንጋዩ የት እንደሚሰበር የሚያውቀውም እሱ ነው» አሉት፤ በእጃቸው ወደ መሪያችን እያመለከቱ። በማግሥቱ ጠዋት እንደተናገሩት ሆነ።

ጠባቂውንም እንደ ትርፍ ወጪ አትዩት። በጥር 2004 ዓ.ም. ኤርታሌ አጠገብ 5 የውጭ አገር ጎብኚዎች በታጣቂዎች ተገድለዋል። ፈቃድና አጃቢ ሳይኖረው «በራሴ መኪና እደርሳለሁ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አብራችሁ አትሂዱ።

አፍዴራ ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ዙሪያውን ጨው የሚመረትባቸው ኩሬዎች አሉ። ስለ እሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለው አሸዋና የላቫ ድንጋይ መኪናውን በእግር ያህል ፍጥነት ነው የሚያስኬደው። ወደ ተራራው ሥር የደረስነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። መኪና የት ድረስ እንደሚጠጋ እንደ ጊዜው ይለያያል፤ አዲስ ላቫ በፈሰሰ ቁጥር መንገዱ ይቀየራልና በእግር የሚቀረው ስንት ሰዓት እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ኤርታሌ ቁመቱ 613 ሜትር ብቻ ነው። ተንጣሎ የተኛ ተራራ ስለሆነ ዳገቱም ዳገት አይመስልም። ይህ ሰውን ያዘናጋል። «ይቺንማ» ብለው በስኒከር የወጡ ነበሩ። መሬቱ ግን የረጋ ላቫ ነው። አንዳንዱ ቦታ ተጠቅልሎ እንደ ገመድ የደረቀ ሲሆን እርምጃ ይቀበላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ከላዩ የጣት ውፍረት ያለው ቅርፊት፣ ከሥሩ ባዶ ነው። በተለይ በጥር 2009 ዓ.ም. የላቫው ሐይቅ ሞልቶ ከፈሰሰ ወዲህ የረጋው አዲሱ ድንጋይ ሲረግጡት ይንኮሻኮሻል፣ ድንገትም ይከዳል። አንዷ ጓደኛችን እግሯ እስከ ጉልበቷ ገባ። ስታወጣው ሱሪዋ በሦስት ቦታ ተሸርክቶ፣ ቅልጥሟ በብርጭቆ የተፋቀ ያህል ደምቶ ነበር። ስትወድቅ የተደገፈችበት መዳፏም እንዲሁ።

ስለዚህ ጫማችሁ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ ሶሉ ወፍራም ይሁን። ሱሪ ረጅምና ጠንካራ። የግንበኞች የሥራ ጓንት ያዙ፤ ርካሽ ነው፣ ሲወድቁ እጅ ያድናል። ባትሪ በእጅ የሚያዝ ሳይሆን ግንባር ላይ የሚታሰረው ይሁን፣ መለዋወጫ ድንጋዩም ኪሳችሁ ውስጥ። መሪው በረገጠበት እየረገጣችሁ በአንድ መስመር ሂዱ። ፎቶ ላንሳ ብሎ ከመስመር የሚወጣ ሰው ካለ ሁላችሁም ቁሙ፤ እሱ ሳይመለስ አትቀጥሉ።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ሌሊቱ ገፍቷል። እሳቱን ለማየት የሚጓጓ ሰው አስቀድሞ ይህን ይወቅ፦ ላቫው በየጊዜው ከፍ ዝቅ ይላል። አንዳንድ ጊዜ ቀዩ ሲፍለቀለቅ በግልጽ ይታያል፣ አንዳንድ ጊዜ ጢሱ ሸፍኖት ነጸብራቁ ብቻ ይቀራል። «ሳናየው አንመለስም» ብሎ መጠበቅ ነው ብዙውን ጉዳት የሚያመጣው። እኛ ስንደርስ ጢሱ በሌላ አቅጣጫ ይነዳ ስለነበር ከሥር ያለው ቀይ ስንጥቅጥቅ ወለል ብሎ ታየን። ያቺን ሰዓት አልረሳትም። ማንም አልተናገረም፤ ሙቀቱ ፊታችን ላይ፣ ነፋሱ ጀርባችን ላይ ነበር።

ነፋሱ ጀርባችን ላይ መሆኑ ነበር ደህና ያቆየን። ያን ጊዜ ግን ይህን ከመሪያችን በቀር ያሰበው አልነበረም። እሱ እሳቱን አያይም፤ የሚያየው የጠባቂውን ሽርጥ ጫፍ ነው፣ ወዴት እንደሚውለበለብ። ሁለት ነገር ደጋግሞ ነገረን። አንደኛው፣ ከአፋፉ ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ ካያችሁ ከስንጥቁ ወዲያ አትለፉ የሚል ነው፤ ከንፈሩ ከሥሩ ተቦርቡሮ ስለሚንጠለጠል ሰው ሳይረግጠውም ይናዳል። ሁለተኛው፣ ዓይናችሁን በእጃችሁ አትሹ የሚል። ምክንያቱን ያወቅሁት ነጠላዬን በባትሪ ሳየው ነው። ወርቃማ፣ ከፀጉር የቀጠኑ ክሮች ተሰክተውበት ነበር። በጣቴ ልነቅላቸው ስል ተሰባብረው ቆዳዬ ውስጥ ቀሩ። የቀለጠ አለት ወደ ላይ ሲፈናጠር ነፋስ እየጎተተ የሚፈትለው ብርጭቆ ነው። ዓይን ውስጥ ቢገባ ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም። ግጥም የሚል መነጽር፣ የብረት በያጆች የሚያደርጉትን ዓይነት እንኳ ቢሆን፣ ያዙ።

ከዚያ ነፋሱ ዞረ። ቀስ እያለ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ። ክብሪት ሲጫር አፍንጫ የሚወጋው ሽታ አለ አይደል? ያ ሽታ መቶ እጥፍ ሆኖ መጣ። ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ይባላል። እርጥብ ነገር ሲነካ አሲድ ይሆናል፤ ዓይናችን፣ ጉሮሯችንና ሳንባችን ደግሞ እርጥብ ናቸው። ጤነኛውን ሰው ያስለዋል፣ ያስነባዋል፤ አስም ያለበትን ሰው ግን ጤነኛው ገና ሳይሰማው በትንሹ መጠን የአየር ቧንቧውን ጭምቅ ያደርገዋል።

የአክስቴ ልጅ አስም ነበረበት። በልጅነቱ ያስቸግረው እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ «አሁንማ ተወኝ» ይል ስለነበር ማንም አልጠየቀውም። ኢንሄለሩ፣ በአፍ የሚነፋው የአስም መድኃኒት፣ ነበረው፤ ግን ከታች መኪናው ውስጥ በቀረው ሻንጣ ውስጥ። በመጀመሪያ ያሳለው እንደ ሁላችን ነው። ቀጥሎ እኛ ስንተወው እሱ አልተወውም። ደረቱ ሲያፏጭ ከጎኑ ሆኜ ሰማሁት። «ደህና ነህ ወይ?» ስለው ሁለት ቃል ተናግሮ ለሦስተኛው አየር አነሰው። ይህን ምልክት ያዙልኝ፤ አስም ያለበት ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ትንፋሽ መጨረስ ካቃተው «ትንሽ ይረፍ» የሚባልበት ሰዓት አልፏል።

ብዙዎቻችን ያኔ ያደረግነው ወደ ታች መሮጥ ነው። ከአፋፉ ኋላ ጎድጎድ ያለ ቦታ ነበር፣ ከነፋስ የሚከልል ይመስላል፤ ልጁንም ይዘን ወደዚያ ወረድን። መሪያችን ጮኸብን፤ በአማርኛም በአፋርኛም ነበር የሚጮኸው። ክንዴን ይዞ ጎትቶ አወጣኝ። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፣ ጎድጓዳ ቦታ ላይ ይተኛል። ሽታ የሌለው ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንደዚሁ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ሲከማች ምንም ሳያሸት ሰውን ያዝላል፣ ይገድላልም። መሪያችን የወሰደን ነፋሱን አቋርጦ፣ በጎን በኩል፣ ከፍ ወዳለው አለት ነው። ከነፋሱ ጋር ብትሮጡ ጢሱ አብሯችሁ ይሮጣል፤ ወደ ነፋሱ ብትሄዱ ወደ ምንጩ ትገባላችሁ፤ በጎን አቋርጡት። ከመነሳታችሁ በፊት የምታጠኑት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ይሁን።

አፋችን ላይ ያደረግነው ማስክ ምንም አልጠቀመንም። የቀዶ ጥገናውም ሆነ የአቧራው ማስክ ጋዝ አይይዝም፤ አመድ ከሆነ የአቧራው ጥሩው ዓይነት ይረዳል፣ ጋዝ ግን አልፎት ይገባል። የሚይዘው ለአሲድ ጋዝ ተብሎ የተሠራ ካርትሪጅ ያለው የፋብሪካ ማስክ ነው። እርጥብ ጨርቅ ለጊዜው ጉሮሮን ያለሰልሳል እንጂ መከላከያ አይሆንም፤ እሱን ተማምናችሁ ቆማችሁ እንዳትቀሩ።

አለቱ ላይ ሌሎች ጎብኚዎች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዲት ሲስተር ተነሳች፤ በራሷም ቦርሳ ሳልቡታሞል ኢንሄለር ነበራት። ልጁን ልናስተኛው ስንል ከለከለችን፤ «ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ ወደ ፊት ያዘንብል፣ ክርኑን ጉልበቱ ላይ ያሳርፍ» አለች። ትንፋሹ አጥሮ ስለነበር መድኃኒቱን ቀጥታ ብትነፋለት አፉ ውስጥ ይቀራል። ባዶ የግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ጠየቀችን። ታቹን በሰንጢ የኢንሄለሩ አፍ ልክ ቀደደችና ኢንሄለሩን ሰካችበት፤ የጠርሙሱን አፍ ልጁ በከንፈሩ ያዘው። አንድ ጊዜ ትነፋለች፣ እሱ ከጠርሙሱ ውስጥ አራት አምስት ጊዜ ይተነፍሳል፤ ደግማ ትነፋለች። እንዲህ እያለች ሰጠችው። ጠርሙሱ ውስጥ ነጩ ጉም ሲገባና ሲወጣ በባትሪዬ እያበራሁ አየሁ። ቀስ በቀስ ፉጨቱ ቀነሰ። «ውኃ» ብሎ ጠየቀ፤ ከዚያ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገረ። ስሟን ይዤ ቀርቻለሁ፤ ስማቸው እዚህ እንዳይነሳ የፈለጉ ሰዎች ስላሉ አልጽፈውም፣ ግን ባለችበት እግዜር ይስጣት።

አስም ያለባችሁ፣ ወይም አስም ያለበት ሰው ይዛችሁ የምትሄዱ፦ ኢንሄለሩ በሻንጣ ውስጥ አይሁን። የደረት ኪስ ውስጥ ይሁን፣ ሁለተኛው ደግሞ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ። ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ፤ «ድሮ ነበረብኝ» የሚለውን «አለብኝ» ብላችሁ ቁጠሩት። የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና ትንሽ ልጅም አፋፉ ድረስ ባይወጡ እላለሁ። ከታች መቆየትም ጉዞ ነው።

የሌሊቱ ጭንቀት ሲያልፍ የጠዋቱ ችግር ከዚያው ተወለደ። በልማዱ ወደ ታች የሚወረደው ገና ሳይነጋ፣ ከሌሊቱ 10 ወይም 11 ሰዓት ላይ ነው። ልጁ ትንሽ ይረፍ ተባለ፤ ተገቢ ነበር። ከዚያ ግን አንዳንዶች «ካመሸን አይቀር የፀሐይ መውጫውን አንስተን እንሂድ» አሉ። መሪያችን ሁለት ጊዜ ተነሱ አለ። ሦስተኛ ጊዜ ሲናገር ፀሐይ ወጥታ ነበር። መንገድ የጀመርነው ጠዋት 1 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ይህ ሰዓት ሹራብ የሚለበስበት ነው። እዚያ ግን ጥቁሩ ድንጋይ ወዲያው ይግላል፤ ከላይ ፀሐይ፣ ከሥር ድንጋዩ። ዛፍ የለም። ውኃውም አብዛኛው ታች በጀሪካን ነበር፤ ጉዞውን ያዘጋጀው ክፍል ለአንድ ሰው አንድ ጠርሙስ ብቻ አስይዞ ነበር ያወጣን፣ በሌሊት ስለምንመለስ ይበቃል ተብሎ።

ባልደረባችን ቀድሞ ዝም አለ። ጨዋታ የሚወድ ሰው ነው፤ ዝምታውን ድካም አልነው። ቀጥሎ ያለ ምክንያት ተቆጣ። ራሴን ያመኛል፣ ያቅለሸልሸኛል አለ። እዚህ ላይ ቆሞ፣ ጥላ ፈልጎ፣ ጨው ያለበት ውኃ ቢጠጣ ኖሮ ይመለስ ነበር። ግን ወደ መኪናው ቀርበናል ተብሎ ተገፋ። ጥቂት ከሄድን በኋላ እግሩ ይጠላለፍ ጀመር። መሪያችንን በወንድሙ ስም ጠራው፤ «መኪናውን አዙረውና ና» አለው። መሪያችን ሳቅ አላለም። ወዲያው ሸክሙን አውርዶ ሽርጡን ፈታ።

የሙቀት ድካምና የሙቀት ምት የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ላብ፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የእግር ቁርጠት ሲሆን ሰውየው ደክሟል። ንግግሩ ከተሳሳተ፣ ቦታና ሰው ከተምታታበት፣ እየተንገዳገደ ከሄደ ግን ሙቀቱ አንጎሉ ጋ ደርሷል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ካልቀዘቀዘ ሊሞት ይችላል። ጠባቂዎቹ ሽርጣቸውን በአራት ማዕዘን ወጥረው ጥላ ሠሩለት። ከሥሩም ፍራሽ አነጠፉ፤ የጋለው ድንጋይ ላይ ማስተኛት እሳት ላይ ማስተኛት ነው። ሸሚዙንና ጫማውን አወለቅን።

የቀረን ውኃ ጥቂት ነበር። እኛ ልናጠጣው ስንል መሪያችን ጠርሙሱን ቀምቶ አንገቱ ላይ፣ ብብቱ ሥር፣ ደረቱ ላይ አፈሰሰው፤ ሌሎቹን አራግቡ አለ። ሲያዩት ውኃ ማባከን ይመስላል። ሐኪሞቹ ኋላ ሲነግሩን ትክክሉ እሱ ነበር፤ ሐሳቡ የተምታታ ሰው ቢጠጣ ትን ሊለው፣ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ ሕይወቱን የሚያድነው ገላውን አርጥቦ ማራገብ ነው። ራሱን ሲያውቅና በደንብ መዋጥ ሲችል ብቻ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣል። አንዱ ወጣት ጠባቂ ወደ ታች ሮጠ፤ ግመሏንና ጀሪካኑን ይዞ ተመለሰ። ባልደረባችን በግመል ጀርባ ነው የወረደው፤ አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ ደግፈውት። ከደጋፊዎቹ አንዱ በዋዜማው ክፍያ አልከፍልም ብሎ የተቆጣው ጓደኛችን ነበር፣ ሌላው መሪያችን።

ከአፍዴራ ጤና ጣቢያ ወደ ዱብቲ ሆስፒታል ተላከ። በዚያ አካባቢ ትልቁ ሆስፒታል እሱ ነው፣ ሰመራ አጠገብ። ከተራራው ሥር እዚያ ለመድረስ የፈጀውን ሰዓት ያየ ሰው፣ እርዳታ መጥቶ ያነሳኛል ብሎ አያስብም። የምትፈልጉት እርዳታ በሙሉ አብራችሁ መውጣት አለበት።

ውኃ በቀን ለአንድ ሰው ከ5 ሊትር እንዳያንስ፤ ከዚያም ውስጥ ወደ አፋፉ ሲወጣ ቢያንስ 3 ሊትር በጀርባችሁ ይሁን፣ በሌሊት እመለሳለሁ ብላችሁ አትቀንሱ። ኦ አር ኤስ፣ በውኃ የሚበጠበጠው የጨውና የስኳር ዱቄት፣ ከማንኛውም ፋርማሲ ይገኛል፤ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው ልክ በጥብጣችሁ ጠጡ። ንጹሕ ውኃ ብቻ እየደጋገሙ መጠጣት በላብ የወጣውን ጨው አይመልስም፤ እንዲያውም በደም ውስጥ የቀረውን ያቀጥነዋል። ሽንታችሁ እንደ ሻይ ከጠቆረ ወደ ኋላ ቀርታችኋል። ከዋዜማው ጀምሮ መጠጥ አትቅመሱ። ደግሞም ሁለት ሁለት ሆናችሁ ተጣመሩ፤ የሙቀት ምት የያዘው ሰው ራሱን አያውቅምና «ደህና ነኝ» ይላል፣ የሚያውቅለት ጓደኛው ነው። የመመለሻ ሰዓት ከመውጣታችሁ በፊት ተስማሙ፣ መሪው «ተነሱ» ሲል ውይይት አይኑር።

ዳሎልን ያየሁት ከዚያ ወዲህ፣ ተዘጋጅቼ ነው። ባጭሩ ልንገራችሁ። ዳሎል ላይ እሳት አይታይም፤ ቢጫው፣ አረንጓዴውና ብርቱካናማው ውኃ ልብ ይሰርቃል። አንዳንዱ ምንጭ ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ አሲድነቱም ከመኪና ባትሪ ውኃ አይተናነስም። የምትረግጡት የጨው ቅርፊት ነው፤ ነጩና ደረቁ ይይዛል፣ ያበጠውና እርጥበት ያለው ግን ከሥሩ ውኃ ነው። ከመሪው ዱካ አትውጡ፣ ልጆችን እጃቸውን ያዙ፣ ውኃውን በጣት አትንኩ። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ሲመጣ ፈቀቅ በሉ፤ ድንገት ሽታው ጠፋ ብላችሁም አትመለሱ፣ ያ ጋዝ ሲበዛ የማሽተት ስሜትን ያደነዝዛል። በኩሬዎቹ ዳር የሞቱ ወፎችና ነፍሳት አይቻለሁ። እነሱ በወደቁበት ቦታ ጎንበስ ብሎ ፎቶ ማንሳት አይገባም፤ የከበደው ጋዝ ያለው እዚያው መሬቱ አጠገብ ነው። ስትመለሱ ጫማችሁን ወዲያው እጠቡት፤ የኔ ሶል በሳምንቱ ተላቀቀ።

አሁን ልትሄዱ ላሰባችሁ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የእኛ ጉዞ ቅርብ ከሆኑት ፍንዳታዎች በፊት ነው። ኤርታሌ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. በኃይል ፈንድቷል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ከእሱ በስተደቡብ ምሥራቅ ያለው ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ፤ ከዚያ በፊት ስለ መፈንዳቱ የተመዘገበ ታሪክ አልነበረውም። አመዱ አፍዴራ ላይ ወርዶ የከብት ግጦሽ ሸፈነ፣ በቀይ ባሕር ላይ ተሻግሮም እስከ የመን፣ ኦማንና ሕንድ ደረሰ። ዝም ያለ ተራራ ሁሉ ሞቷል ማለት እንዳልሆነ እዚያ ያለው ሕዝብ በከብቱ ከፍሎ አይቶታል። ስለዚህ የድሮ ፎቶና የድሮ መንገድ ይዛችሁ አትነሱ፤ የኔንም ጽሑፍ ጨምሮ። በምትሄዱበት ሳምንት ሰመራ ደውላችሁ ጠይቁ፣ አፍዴራ ስትደርሱ ከዚያ በዚያው ሳምንት የተመለሱ ሹፌሮችን ጠይቁ። መሪዎቹ ዛሬ አይወጣም ካሉ አይወጣም፤ ተጨማሪ ብር አውጥታችሁ ሐሳባቸውን ለማስቀየር አትሞክሩ፤ እሺ የሚላችሁ ሰው ቢገኝ የሚያስፈራው እሱ ነው።

ሳንባው የማይፈቅድለት ሰውም የእሳተ ገሞራ አገር ሳያይ መቅረት የለበትም። የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ አፎች ናቸው፤ ዝቋላም እሳተ ገሞራ ነው፣ አናቱ ላይ ሐይቅና ገዳም ያለበት። አምቦና ወሊሶ መካከል ያለው ወንጪም እንደዚሁ። የአዋሽ ፓርኩ ፈንታሌም ደስ የሚል ነበር፤ ግን ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት አካባቢውን ባናወጠው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ሰው ከቀዬው ተፈናቅሏል፣ ወደዚያ የምትሄዱም አስቀድማችሁ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የአክስቴን ልጅ ሐኪሙ ዳግመኛ ወደ ኤርታሌ አፋፍ እንዳይወጣ ከልክሎታል። ባለፈው ወንጪ ወስጄው ነበር፤ ቁልቁለቱን በእግሩ፣ ዳገቱን በፈረስ ወጣ። ኢንሄለሩ በደረት ኪሱ፣ ሁለተኛው በእኔ ኪስ ነበር፤ ጠርሙሱንም ቀድጄ ይዤ ነበር።